የኮል ሴንተር የጥሪ ፋይሎችን አስተካክሎ ወደ ዳታቤዝ ማስገባት፦ ደረጃ በደረጃ

"የድሮ የጥሪ ፋይሎቻችንን እንዴት አድርገን ወደ ዳታቤዝ እናስገባ?" ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ እየተደወለ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የደንበኛ ስልክ የሚቀበል ትንሽ ክፍል ያላቸው ቢሮዎች ናቸው። ጥቂት ሠራተኞች ስልክ ያነሳሉ። የስልክ ማዞሪያው እያንዳንዱን ጥሪ በፋይል ይመዘግባል። የዓመታት ፋይል በፍላሽና ጥግ ላይ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ተጠራቅሟል። አንድ ቀን አለቃ ይመጣና "አምና ስንት ጥሪ ሳይነሳ ቀረ?" ይላል። ያኔ ነው ስልኬ የሚጮኸው።

ለሁሉም በየተራ ከማስረዳት እዚህ በዝርዝር ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። በዚህ ሥራ ውስጥ "ስህተት" ብሎ የሚቆም ፕሮግራም አያስፈራም። አንብባችሁ ታስተካክላላችሁ። የሚያስፈራው ምንም ሳይል መረጃውን የሚለውጠው ነው። የስልክ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። ቀንና ወር ይቀያየራሉ። ሁለት የተለያዩ ጥሪዎች አንድ መለያ ይይዛሉ። ማንም አይነግራችሁም፤ ሪፖርቱም አምሮ ይወጣል። ከታች ካሉት ደረጃዎች ብዙዎቹ የማመሳከሪያ ደረጃዎች የሆኑት ለዚህ ነው። እባካችሁ አትዝለሏቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ። ፋይል እየጫናችሁ መብራት ቢሄድ ሥራው መሀል ላይ እንዳይቆረጥ።
- ሊብሬኦፊስ ካልክ። ነፃ ነው። ኤክሴልም ይሠራል፤ እኔ ግን ካልክን የምመርጠው ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት "እያንዳንዱን ዓምድ እንዴት ላንብበው?" ብሎ ስለሚጠይቅ ነው።
- ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ። ፋይሉን ሳይነካ እንዳለ ያሳያል።
- ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት። ነፃ ነው፣ ሰርቨር አይፈልግም፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ስለሆነ ባክአፕ ማድረግም ቀላል ነው።
- ለባክአፕ የሚሆን ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ቁጥሮችን እየጻፋችሁ ታመሳክራላችሁ።
- ማዞሪያውን የገጠመው ባለሙያ ስልክ ቁጥር። ቢያንስ አንድ ጥያቄ ትጠይቁታላችሁ።

ማዞሪያችሁ ፍሪፒቢኤክስ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ ጥሪዎቹ ቀድሞውኑ ማሪያዲቢ በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣሉ። ባለሙያው በቀጥታ ከዚያ ቢያወጣላችሁ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ቢሆንም ከደረጃ 3 ጀምሮ ያለው ሥራ አይቀርላችሁም።

ደረጃ 1፦ ዋናውን ፋይል አትንኩ

"ዋናው" የሚባል ፎልደር ክፈቱ። ፋይሎቹን በሙሉ እዚያ ኮፒ አድርጉና በፕሮፐርቲስ በኩል ሪድ ኦንሊ አድርጓቸው። ከዚያ "ሥራ" የሚባል ሁለተኛ ፎልደር ክፈቱና እዚያም አንድ ኮፒ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ እጃችሁ የሚገባው ሁለተኛው ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው።

ይህ የሚጠቅመው ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዘግይቶ ስለሆነ ነው። ደረጃ 12 ላይ ድምሩ አልገጥም ሲል ወደ ንጹሁ ፋይል መመለስ አለባችሁ። ንጹሁ ፋይል በኤክሴል ተከፍቶ "ሴቭ" ከተባለ በኋላ ግን ንጹህ አይደለም።

ደረጃ 2፦ በእጃችሁ ያለው የትኛው ፋይል እንደሆነ ለዩ

ፋይሉን በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ክፈቱ። አስቴሪስክ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ የተሠሩ ማዞሪያዎች ሁለት ዓይነት መዝገብ ይይዛሉ።

አንደኛው የጥሪ ዝርዝር መዝገብ ነው። ዓምዶቹ በኮማ ይለያሉ። ማን ደወለ፣ ወደ ማን፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ ተነሳ፣ መቼ ተዘጋ፣ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ውጤቱ ምን ሆነ ይላል። ብዙ ጊዜ የዓምድ ስም የያዘ የመጀመሪያ ረድፍ የለውም፤ ከላይ ያለው ረድፍ ራሱ ጥሪ ነው። ይህን ልብ በሉ፣ ደረጃ 11 ላይ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው የወረፋ መዝገብ ነው። ዓምዶቹ ቀጥ ባለ ቁም መስመር (|) ይለያሉ። ሰዓቱ የተጻፈው በረጅም ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 1700000000። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ክስተት ነው፦ ደንበኛው ወረፋ ገባ፣ ሠራተኛ አነሳለት፣ ወይም ተሰላችቶ ዘጋ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደንበኛው ደውሎ፣ "እባክዎ ይጠብቁ" ተብሎ፣ ሙዚቃ ሰምቶ ቢዘጋ፣ የጥሪ ዝርዝሩ "ተመልሷል" ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ማሽኑ አንስቶታልና። ሰው እንዳላነሳው የሚናገረው የወረፋ መዝገቡ ነው። ስለዚህ የአለቃችሁ ጥያቄ "ስንት ሰው ጠብቆ ተስፋ ቆረጠ?" ከሆነ ሁለቱንም ፋይሎች ያስፈልጓችኋል። አንዱን ብቻ ይዛችሁ መልስ አትስጡ።

በዚህ ደረጃ በደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ፋይል ሦስት ነገር ጻፉ፦ የፋይሉ ስም፣ የረድፎቹ ብዛት፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥሪ ቀን። የረድፍ ብዛቱን ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በጎን በኩል ይቆጥርላችኋል። መጨረሻ ላይ ያለውን ባዶ መስመርና፣ ካለ፣ የዓምድ ስም የያዘውን ረድፍ አብራችሁ እንዳትቆጥሩ።

ደረጃ 3፦ ሁሉንም ዓምድ በጽሑፍ ዓይነት ክፈቱ

ከሁሉም ደረጃ አንዱን ብቻ በጥንቃቄ ሥሩ ብባል ይህን እላለሁ።

የሲኤስቪ ፋይልን (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩ የጽሑፍ ፋይል) ደብል ክሊክ አድርጋችሁ በኤክሴል ስትከፍቱ፣ ኤክሴል ቁጥር የመሰለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋል። ውጤቱም እንዲህ ነው፦

- በ09፣ በ07 ወይም በ011 የሚጀምር ስልክ የፊት ዜሮውን ያጣል።
- በ251 የሚጀምር ባለ 12 አሃዝ ስልክ አጥሮ ይታያል፤ 2.5 ብሎ ይጀምርና በ+11 ያልቃል። በዚያው መልክ ሲኤስቪ ሆኖ ከተቀመጠ የቀሩት አሃዞች አይመለሱም።
- ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ከ15ኛው በኋላ ያሉት አሃዞች በዜሮ ይተካሉ።
- የጥሪ መለያው ይበላሻል። አስቴሪስክ መለያውን የሚጽፈው በነጥብ ከፍሎ ነው፦ 1700000000.1፣ ከዚያ ሲቀጥል 1700000000.10። እንደ ቁጥር ሲነበቡ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሁለት ጥሪ አንድ ሆነ ማለት ነው።

በሊብሬኦፊስ ካልክ ፋይሉን ስትከፍቱ የማስገቢያ መስኮት ይመጣል። እዚያ ላይ፦

ሀ. ካራክተር ሴት (ፋይሉ ፊደሎችን የሚጽፍበት ሥርዓት) የሚለውን ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 አድርጉ።
ለ. ዓምዶቹን የሚለየውን ምልክት ምረጡ፤ ለጥሪ ዝርዝር ኮማ፣ ለወረፋ መዝገብ ቁም መስመር።
ሐ. ከታች ባለው ናሙና የመጀመሪያውን ዓምድ ራስ ጫኑ፣ ከዚያ ሺፍት ይዛችሁ የመጨረሻውን ጫኑ። ሁሉም ሲመረጥ ኮለም ታይፕ የሚለውን ቴክስት አድርጉ።
መ. "ዲቴክት ስፔሻል ነምበርስ" የሚለው ላይ ምልክት ካለ አንሱት።

ኤክሴል ብቻ ካላችሁ ደብል ክሊክ አታድርጉ። ዳታ በሚለው ገጽ ገብታችሁ "ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ" የሚለውን ምረጡና የዓምድ ዓይነት እንዳይገምት እዘዙት።

አማርኛው እንግዳ የላቲን ምልክት ሆኖ ከታየ ካራክተር ሴቱ ተሳስቷል። ዝጉትና እንደገና ክፈቱ። በዚያ መልክ ሴቭ አታድርጉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ስለሆነ፣ በአሮጌ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ መዝገብ ካላችሁ ካራክተር ሴት በመቀየር ብቻ አይስተካከልም። በፊደል መለወጫ ማለፍ አለበት፤ ያን ፋይል ለይታችሁ አቆዩት።

*ማስጠንቀቂያ፦* አንድ የኤክሴል ወይም የካልክ ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ነው። አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ደግሞ 65,536 ብቻ። ፋይሉ ከዚህ ከበለጠ ትርፉ አይጫንም። ያን ገጽ በዋናው ስም ሴቭ ካደረጋችሁት ትርፉ ጠፋ። ትልቅ ፋይል በየወሩ ከፋፍላችሁ ሥሩ።

ደረጃ 4፦ ስልክ ቁጥሮቹን አንድ መልክ አስይዙ

ያው ደንበኛ በአንድ ፋይል በ09፣ በሌላው በ251፣ በሌላው በ+251፣ አንዳንዴም ያለ ዜሮ በ9 ጀምሮ ይመጣል። ለዳታቤዝ እነዚህ አራት ሰዎች ናቸው። "ስንት ደንበኛ ደጋግሞ ደወለ?" ለሚለው ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል።

አንዱን መልክ ምረጡ። እኔ የምመክረው 251 ሆኖ ከኋላው 9 አሃዝ ያለውን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ራይት (RIGHT) በሚባለው ፎርሙላ የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ወስዳችሁ ከፊታቸው 251 ትቀጥላላችሁ። ለሞባይሉም፣ በ011 ለሚጀምረው የዞናችን የሰሜን ሸዋ መስመር ስልክም ይሠራል።

ግን ለሁሉም ረድፍ አይደለም። የቢሮ ውስጥ ቁጥሮች ሦስት ወይም አራት አሃዝ ናቸው፤ አጭር የአገልግሎት ቁጥሮችም አሉ። እነዚያ እንዳሉ ይቆዩ። መስፈርቱ ይህ ነው፦ 9 አሃዝና ከዚያ በላይ ከሆነ ለውጡ፣ ከዚያ ካነሰ አትንኩ። ከውጭ አገር የተደወለውም በአገሩ ኮድ ይቆይ። ዓረብ አገር ያለ ልጅ ስለ ቤተሰቡ ጉዳይ ሲደውል 251 ከተለጠፈበት ቁጥሩ የሌላ ሰው ይሆናል።

የተስተካከለውን በአዲስ ዓምድ ጻፉ። የድሮው ዓምድ ይቆይ።

ደረጃ 5፦ ቀንና ሰዓት

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። በእኛ አገር ፋይሎች ላይ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው።

ግቡ አንድ መልክ ነው፦ ዓመት-ወር-ቀን፣ ከዚያ ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በፈረንጅ ካላንደር። ለምሳሌ 2024-10-25 08:30:00። ዓመት ከፊት ስለሆነ እንደ ጽሑፍ እንኳ ሲደረደር ቅደም ተከተሉ አይዛባም። የኢትዮጵያውን ቀን በጎን በሌላ ዓምድ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለሪፖርት ጥሩ ነው። መደርደሪያው ግን አንድ ይሁን።

*ማዞሪያው በየትኛው ሰዓት ይጽፋል?* ባለሙያውን የምትጠይቁት ይህን ነው። ካላገኛችሁት ራሳችሁ ፈትሹ፦ አሁን ወደ ቢሮው ደውሉና የተመዘገበውን ሰዓት እዩ። ከእጅ ሰዓታችሁ ጋር ሲተያይ 3 ሰዓት ወደኋላ ከሆነ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ ሁልጊዜ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በበጋና በክረምት አይቀያየርም። ስለዚህ 3 ሰዓት መደመር በቂ ነው። ለድሮ ፋይል ደግሞ የቀኑን የመጀመሪያ ጥሪዎች እዩ። ቢሮው ከጠዋቱ 2፡30 ከፍቶ ጥሪዎቹ በ05:30 የሚጀምሩ ከሆነ መልሱ ያው ነው። ይህን ፍተሻ ለየዓመቱ ድገሙት፤ ማዞሪያው መሀል ላይ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

*የወረፋ መዝገቡ ረጅም ቁጥር።* ከጃንዋሪ 1፣ 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተቆጠረ ሰከንድ ነው። በጽሑፍ ስላስገባችሁት መጀመሪያ በቫልዩ ፎርሙላ ወደ ቁጥር መልሱት። ከዚያ ለ86400 አካፍሉ፣ 25569 ደምሩ፣ ለ3 ሰዓቱ ደግሞ 3 ሲካፈል ለ24 ደምሩ። ውጤቱን በቴክስት ፎርሙላ ወደ ላይኛው መልክ አምጡት። ትክክል መሥራታችሁን ለማየት 1700000000ን ሞክሩ። 2023-11-15 01:13:20 መምጣት አለበት። 2023-11-14 22:13:20 ከመጣ 3ቱን ሰዓት ረስታችኋል። አያችሁ፣ የተሳሳተው ሰዓቱ ብቻ አይደለም፤ ቀኑም ተለውጧል።

*በሠራተኛ እጅ የተሞላ መዝገብ።* ብዙ ቢሮ ከማዞሪያው ጎን ሠራተኞች የሚሞሉት የኤክሴል መዝገብ አለ፤ አቤቱታውን፣ ወረዳውን፣ የተሰጠውን መልስ ይይዛል። ቀኑም ሰዓቱም በኢትዮጵያ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/02/2017 ብለው ይጽፋሉ። ፌብሩዋሪ 30 የለምና ፕሮግራሙ አይቀበልም። ደግ አደረገ። ጥቅምት 12ን ግን 12/02/2017 ሲሉት "ፌብሩዋሪ 12፣ 2017" ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ሄዳችሁ። ጳጉሜ 3 ደግሞ 03/13/2017 ተብሎ ወር በሚያስቀድም ኮምፒውተር ሲነበብ ማርች 13 ይሆናል።

መቀየሪያው እንዲህ ነው። ለየዓመቱ መስከረም 1 በፈረንጅ ስንት ላይ እንደዋለ ያዙ፦

- መስከረም 1፣ 2014 = ሴፕቴምበር 11፣ 2021
- መስከረም 1፣ 2015 = ሴፕቴምበር 11፣ 2022
- መስከረም 1፣ 2016 = ሴፕቴምበር 12፣ 2023
- መስከረም 1፣ 2017 = ሴፕቴምበር 11፣ 2024
- መስከረም 1፣ 2018 = ሴፕቴምበር 11፣ 2025

ከጳጉሜ በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ አጭር ነው። ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሱና በ30 አባዙ። ከቀኑ 1 ቀንሱና ደምሩበት። ያንን በመስከረም 1 ላይ ጨምሩ። ጥቅምት 15፣ 2017 ሲሆን 30 ሲደመር 14፣ 44 ቀን ይሆናል፤ ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲጨመር ኦክቶበር 25፣ 2024። ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጋችሁ በዚሁ ስሌት አስገቡት፤ ይሠራል። 2015 ጳጉሜ 6 ስለነበረው የ2016 መስከረም 1 በአንድ ቀን ገፍቷል። ከላይ ባለው ዝርዝር ውስጥ ተይዟልና አትጨነቁ።

ሰዓቱን ለመለወጥ ከቀን ሰዓቶች ላይ 6 ደምሩ፣ ከማታና ከሌሊት ሰዓቶች ላይ 18 ደምሩ፤ ከ24 ከበለጠ ወይም እኩል ከሆነ 24 ቀንሱ። 12 ሰዓት የተጻፈ ከሆነ ግን እንደ ዜሮ ቁጠሩት፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት 06:00፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት 18:00 ነው። ከጠዋቱ 2፡30 08:30 ይሆናል፤ ከምሽቱ 2፡30 20:30። መዝገቡ ላይ "ጠዋት" ወይም "ማታ" ካልተጻፈ አትገምቱ። ያው ስልክ ቁጥር በማዞሪያው ፋይል ላይ በዚያ ቀን በስንት ሰዓት እንደደወለ እዩ።

የሌሊት ፈረቃ ካላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተመለሰ ጥሪ ላይ ሠራተኛው የሚጽፈው ፈረቃ የገባበትን ቀን ነው፤ በእኛ ልማድ ሌሊቱ ገና የዚያው ቀን ነውና። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተለውጧል። ለእነዚህ ረድፎች አንድ ቀን ጨምሩ።

መጨረሻ ላይ ሁሉንም ቀን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። ከላይ ኮል ሴንተሩ ሳይከፈት በፊት ያለ ዓመት ካገኛችሁ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የማዞሪያው ሰዓት ወደኋላ ተመልሶ የጻፋቸው ናቸው። አትሰርዟቸው። ጥሪዎቹ እውነተኛ ናቸው። "ቀኑ የማይታመን" የሚል ምልክት የሚይዝ ዓምድ ጨምሩላቸው።

ደረጃ 6፦ የቆይታ ጊዜን በሰከንድ ብቻ

አንዱ ፋይል 205 ይላል፣ ሌላው 00:03:25፣ ሌላው 3:25። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ሁሉንም ወደ 205 አምጡ። 3:25ን ኤክሴል "3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ" ብሎ ስለሚረዳው ደቂቃውንና ሰከንዱን ለያይታችሁ ደቂቃውን በ60 አባዙ።

የጥሪ ዝርዝሩ ሁለት የቆይታ ዓምድ እንዳለው አትርሱ። አንዱ ስልኩ መጥራት ከጀመረበት እስከሚዘጋ ነው። ሌላው ከተነሳ እስከሚዘጋ ነው። ለንግግሩ ጊዜ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ ጥሪው በወረፋ ካለፈ ግን ማሽኑ ካነሳ በኋላ ደንበኛው የጠበቀውም አብሮ ሊቆጠር ይችላል። ሁለቱንም ጫኑ፣ ስማቸውን ግን ለይታችሁ ስጧቸው።

ደረጃ 7፦ የቦታ ስም

በሠራተኛ የተጻፈ የወረዳና የከተማ ስም ካላችሁ ይህ ደረጃ ለእናንተ ነው። መሐል ሜዳ፣ መሀል ሜዳ፣ መሃል ሜዳ፣ መሐልሜዳ። ደብረ ብርሃን፣ ደብረብርሀን፣ ደ/ብርሃን። ዓለም ከተማ፣ አለም ከተማ። ለዳታቤዝ እያንዳንዱ ሌላ ቦታ ነው። ሪፖርቱ ላይ መሐል ሜዳ አራት ቦታ ተከፍላ አነስተኛ ጥሪ ያላት ትመስላለች፤ ችግሯም ወደ ታች ይወርዳል። የአንድ ከተማ ሰው አቤቱታ በፊደል ምክንያት መጥፋት የለበትም።

ሁለት ዓምድ ያለው ትንሽ ገጽ ሥሩ። በግራ በኩል በፋይሉ ውስጥ የተገኘውን እያንዳንዱን አጻጻፍ፣ በቀኝ በኩል የተመረጠውን አንድ አጻጻፍ። ቪሉክአፕ በሚባለው ፎርሙላ ቀይሩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ላይ አተኩሩ። በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ሁሉንም በጅምላ አትቀይሩ፤ የሰው ስም አብሮ ይበላሻል።

ከተማና ወረዳም ይደባለቃሉ። አንዱ ሠራተኛ "ሞረትና ጅሩ" ሲል ሌላው "እነዋሪ" ይላል፤ አንዱ "ቀወት"፣ ሌላው "ሸዋ ሮቢት"። ለወረዳና ለከተማ የተለያየ ዓምድ ስጡ።

ደረጃ 8፦ የፋይል ስምና የረድፍ ቁጥር ጨምሩ

ሁለት አዲስ ዓምድ፦ ረድፉ የመጣበት ፋይል ስምና በዋናው ፋይል ውስጥ ያለው የረድፍ ቁጥር። ጥቅሙ ሁለት ነው። ጥርጣሬ ሲመጣ ወደ ዋናው ፋይል ሄዳችሁ ያንኑ ረድፍ ታገኛላችሁ። ከዚህም በላይ አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ይከለክላል።

የጥሪ መለያውን ለዚህ አትጠቀሙበት። አንድ ጥሪ ለብዙ ሠራተኛ ሲጠራ ወይም ሲዛወር አንዱ መለያ በሁለትና ሦስት ረድፍ ላይ ሊገኝ ይችላል።

የረድፍ ቁጥሩን የምትሰጡት ከመደርደራችሁ በፊት ነው። በተግባር ፋይሉን እንደከፈታችሁ፣ ደረጃ 4ን ሳትጀምሩ ብታደርጉት ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ሲኤስቪ አድርጋችሁ አስቀምጡ

በካልክ "ሴቭ አዝ" በሚለው ውስጥ ቴክስት ሲኤስቪን ምረጡ፤ "ኤዲት ፊልተር ሴቲንግስ" ላይ ምልክት አድርጉ። ዩቲኤፍ-8፣ ኮማ፣ "ኮት ኦል ቴክስት ሴልስ"። የመጨረሻው ጽሑፉን ሁሉ በጥቅስ ያስገባል። ሠራተኛው በማስታወሻ ዓምድ ውስጥ ኮማ ከተጠቀመ፣ ያለ ጥቅስ ረድፉ ከቦታው ይንሸራተታል። የእኛ ነጠላ ሰረዝ ግን አይከፋፍልም፤ የሚያስቸግረው የላቲኑ ኮማ ነው።

ደረጃ 10፦ ሰንጠረዡን ቀድማችሁ ፍጠሩ

በዲቢ ብራውዘር "ኒው ዳታቤዝ" ብላችሁ ስም ስጡ። ሰንጠረዥ መፍጠሪያው ሲመጣ ዓምዶቹን በሲኤስቪው ቅደም ተከተልና ብዛት ሥሩ። ስልክ፣ የጥሪ መለያ፣ ቀንና ሰዓት፣ ውጤት፣ ቦታ፣ ማስታወሻ ቴክስት ይሁኑ። ሰከንድና የረድፍ ቁጥር ብቻ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይሁኑ። ኤስኪውላይት የራሱ የቀን ዓይነት የለውም፤ ደረጃ 5 ላይ ያመጣነው መልክ በቴክስት በትክክል ይሠራል።

የፋይል ስምና የረድፍ ቁጥር ዓምዶች ላይ፣ ሁለቱም ላይ፣ ፒኬ (የረድፉ ዋና መለያ) የሚለውን ምልክት አድርጉ። ድግግሞሽ የሚከለክለው ይህ ነው።

የሰንጠረዡንና የዓምዶቹን ስም በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ። በኋላ ወደ ሌላ ዳታቤዝ ማዛወር ሲመጣ ይቀላል።

ደረጃ 11፦ ጫኑ

1. ፋይል፣ ኢምፖርት፣ "ቴብል ፍሮም ሲኤስቪ ፋይል"።
2. የሰንጠረዥ ስም በሚለው ቦታ ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም ይሞላል። አጥፉትና ደረጃ 10 ላይ የሰጣችሁትን ስም ጻፉ። ካልሆነ አዲስ ሰንጠረዥ ይፈጥራል።
3. የመጀመሪያ ረድፉ የዓምድ ስም ከሆነ ብቻ "ኮለም ኔምስ ኢን ፈርስት ላይን" ላይ ምልክት አድርጉ። ስም በሌለው ፋይል ላይ ካደረጋችሁ የመጀመሪያው ጥሪ ይጠፋል።
4. መለያ ኮማ፣ ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8።
5. በአድቫንስድ ውስጥ "ዲሴብል ዳታ ታይፕ ዲቴክሽን" የሚለውን ምረጡ። ሰንጠረዡ ቀድሞ ከሌለ ፕሮግራሙ ስልክን ቁጥር ብሎ ዜሮውን ሊያጠፋ ስለሚችል ነው።
6. ግጭት ሲያጋጥም ምን ይደረግ የሚለውን "አቦርት" ላይ ተዉት። "ኢግኖር" ካላችሁት የሚጋጩትን ረድፎች ሳይነግራችሁ ይዘላል።
7. "ሰንጠረዡ አለ፣ እዚያ ላስገባ?" ሲል እሺ በሉ።

ገና አላለቀም። "ራይት ቼንጅስ" የሚለውን እስክትጫኑ ድረስ የገባው መረጃ ዲስክ ላይ አልተጻፈም። ግን አሁን አትጫኑት። መጀመሪያ ደረጃ 12።

ደረጃ 12፦ አመሳክሩ

"ብራውዝ ዳታ" ገጽ ግርጌ ላይ ጠቅላላ የረድፍ ብዛት ይታያል። ከደብተራችሁ ጋር መግጠም አለበት። በአንድ እንኳ ቢለይ ተዉት፤ "ሪቨርት ቼንጅስ" ብላችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። በአንድ ከቀነሰ የደረጃ 11 ተራ ቁጥር 3 ነው። በአንድ ከበለጠ የዓምድ ስሙ እንደ ጥሪ ገብቷል።

ቀጥሎ የንግግር ሰከንዱን በሙሉ በካልክ ደምሩ፤ በጽሑፍ ስላስገባችሁት መጀመሪያ በቫልዩ ፎርሙላ ወደ ቁጥር መልሱት። ዳታቤዙ ውስጥም ኤክስኪዩት ኤስኪውኤል በሚለው ገጽ ሰም (SUM) በሚባለው የመደመሪያ ትእዛዝ ደምሩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ብዛቱ ገጥሞ ድምሩ ካልገጠመ ዓምድ ተንሸራትቷል።

ከዚያ ከመጀመሪያ፣ ከመሀልና ከመጨረሻ ጥቂት ረድፎች መርጣችሁ ከዋናው ፋይል ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። አማርኛ ማስታወሻ ያለበት ረድፍ አይቅር። ሁሉም ሲገጥም "ራይት ቼንጅስ" ጫኑ፣ ዳታቤዙን ዝጉ፣ ወደ ሌላኛው ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ቀጣዩን ፋይል ከዚያ በኋላ ጀምሩ።

በብዛት የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*የአንድ ሳምንት ጥሪ እጥፍ ሆኖ ይታያል።* ሁለት ፋይሎች ተደራርበዋል፤ አንዱ እስከ ወሩ 30 ሲሆን ሌላው ከ25 ይጀምራል። የፋይል ስማቸው ስለሚለያይ ፒኬ አይዛቸውም። ለዚህ ነው ደረጃ 2 ላይ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን የጻፋችሁት። ከመጫናችሁ በፊት ቀኖቹን አስተያዩ።

*"የዓምድ ብዛት አይገጥምም" ይላል።* በማስታወሻ ውስጥ ኮማ ወይም መስመር መዝለያ አለ። ወደ ደረጃ 9 ተመለሱ።

*ጥሪ የበዛበት ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሆነ።* የ3 ሰዓቱ ልዩነት ነው። ደረጃ 5።

*ሴቭ አድርጌ ነበር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ባዶ ነው።* ሴቭ የተደረገው የካልኩ ፋይል ነው። ዳታቤዙ ላይ ራይት ቼንጅስ አልተጫነም።

*ዳታቤዙ በጣም ገዘፈ።* የድምፅ ቅጂዎች ገብተዋል። የድምፅ ፋይል በፎልደር ይቀመጥ፤ ዳታቤዙ የፋይሉን ስምና ቦታ ብቻ ይያዝ።

ስለ ሰዎቹ መረጃ

የደዋይ ስልክና አቤቱታ የሰው የግል ጉዳይ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል። በትንሽ ከተማ ማን ስለ ምን እንደደወለ በቀላሉ ይታወቃል፤ ደውሎ ጎረቤቱን ያመለከተ ሰው አለ። ስለዚህ ዳታቤዙ ያለበት ላፕቶፕ የይለፍ ቃል ይኑረው። ፋይሉን በቴሌግራም አትላኩት። ለሪፖርት ስልክ ቁጥር የማያስፈልግ ከሆነ ያንን ዓምድ አውጥታችሁ ስጡ። ሥራው ሲያልቅ በየፍላሹ የቀሩትን ኮፒዎች ሰብስባችሁ አጥፉ፤ ዋናው ፎልደርና አንድ ባክአፕ ተቆልፎበት ይቀመጥ።